ሰባተኛዋ ካሴት ውስጥ ላለኸው

ታዴዬ፣

ከሄድክ ዓመት ሊሞላህ ሦስት ሳምንት ቀረው። ሰላምታውን ሳላስረዝም አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልናዘዝ፤ ይህን ዓምድ የሚያነቡልኝ ወዳጆቼም አብረውህ ይስሙት። የሰው ገመና ሳወራ ኖሬ የራሴን ብሸፍን አያምርብኝም። በትዳራችን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ካሴቶችህን እያቀያየርክ «ጥሩዬ፣ የቱ ይሻላል?» ስትለኝ፣ አንዱን ከሌላው ለይቼ አላውቅም። አንድም ቀን።

ቅንድብህን ነበር የማየው። የግራው ከፍ ካለ «ይሄኛው ይሻላል» እላለሁ። ሁለቱም ወደ ታች ከወረዱ «ይሄስ ይቸኩላል» እላለሁ። ካልተንቀሳቀሱ ደግሞ «እስቲ ድገመው» እልና ፋታ አገኛለሁ። አንተ ስትደግመው እኔ በሆዴ የሚቀጥለውን ጽሑፌን እጽፋለሁ፣ ወይም የታችኛው ሰፈር ልጅ ሽማግሌ የላከው ለማን ይሆን እያልኩ አሰላስላለሁ። አንዳንዴም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኔን ገልጬ አንቀላፋለሁ። አንተ ግን «የእሷ ጆሮ እኮ!» እያልክ ለመጣ ለሄደው ታወራልኝ ነበር። እኔም ማፈሩ ቀርቶ በዚሁ ዓምድ ላይ «እኛ ቤት የሚደመጠው ክላሲክ ነው» ብዬ ጉራዬን የነዛሁበት ጊዜ አለ። ያኔ ያመናችሁኝ አንባቢዎቼ ይቅር በሉኝ።

አንተ የምታውቀውን ለእነሱ ላስረዳና እመለስልሃለሁ። ባለቤቴ ታደለ የውሃ መሐንዲስ ነበር። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ፖላንድ ተላከ። እናቱ «ፈረንጅ ይዞብኝ ይመጣል» ብለው ስለት እስከ መሳል ደርሰው ነበር፤ እሱ ግን ይዞ የመጣው አንድ ካሴት ነው። ካሴቱ ላይ ያለው በእኛው ዘመን የኖረ የአንድ ፖላንዳዊ የሙዚቃ ደራሲ ሥራ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በትክክል ጠርቼው አላውቅም፣ የመጽሔታችን አራሚም ያለ ስሙ ብዙ ሥራ አለበት። እኛ ቤት መጠሪያው «ሰውዬህ» ነበር። «ሰውዬህን ዛሬም ልትከፍተው ነው?» እለዋለሁ።

ሙዚቃው ግጥም የለው፣ ከበሮ የለው፣ እስክስታ የለው። ቫዮሊንና የቫዮሊን ታላላቅ ወንድሞች ብቻ ናቸው። ሲጀምር የማይሰማ ያህል ዝቅ ብሎ ነው፤ ታዴ «ውሃ ከሩቅ በቱቦ ሲመጣ ጆሮህን ብትለጥፍ እንዲህ ነው የሚልህ» ይል ነበር። ቀስ እያለ ይሞላል፣ ይሞላል፣ ቤቱን ያጥለቀልቃል። ከዚያ መሐል ላይ ድርግም ይላል። ካሴቱ ተበጠሰ እስክትል ድረስ ዝም። ከዝምታው በኋላ ነው ያ የሚያስለቅሰው የሚመጣው፤ የሚያስለቅሰው ማለቴ ሌላውን ሰው ነው፣ እኔን አይደለም።

የታዴን ልብ የወሰደው ያ ዝምታ ነው። ፖላንድ በገባ በመጀመሪያው ክረምት፣ ጉንፋን ይዞት፣ በተውሶ ካፖርት የሙዚቃ አዳራሽ ገባ። ሳሉን አፍኖ አፍኖ ቆይቶ፣ ልክ ዝምታው ላይ ሲደርስ አመለጠው። አንዴ ብቻ። ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። የዚያን ቀኑ ዝግጅት በሬዲዮ ይተላለፍ ስለነበር አንድ የዶርም ጓደኛው ቀድቶት ኖሮ፣ ሲመለስ «ሳልህን ይዤልሃለሁ» ብሎ ካሴቱን ሰጠው። «በፖላንድ ሙዚቃ ውስጥ ያለሁ ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ይኩራራ ነበር። ያቺ ካሴት ስትከፈት ዝምታው ሲቃረብ ሌባ ጣቱን ያነሳል፤ ሳሏ ስትመጣ ጣቱን ያወርድና «መጣሁ» ይላል። እኔም ከዚያ ሁሉ ሙዚቃ የማውቃት እሷን ብቻ ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ሳል፣ አጭር፣ ጤነኛ፣ ያፈረች።

ከዚያ ወዲህ ያንኑ ሙዚቃ ማን በምን አገር እንደተጫወተው ሲሰበስብ ኖረ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሽቶ ሲታዘዝ የእኛ ዘመድ ሸክላ ይታዘዛል። ሸክላም ይምጣ ሲዲ ሁሉንም ወደ ካሴት ያስገለብጠዋል፤ «ሊዳኙ አንድ ዳኛ ፊት ይቁሙ» የሚለው ነገር ነበረው። አሥራ አንድ ሆኑ። ከአጭሯ እስከ ረጅሟ በቁጥር ደረደራቸው፤ ሳሏ ያለችባት በርዝመቷ ሰባተኛ ወጣች።

እሺ ታዴዬ፣ ተመለስኩልህ።

ሰፈሩን ብታየው ይጠፋብሃል። ከሚካኤል ወደ እኛ የምትወጣው ጠባቧ መንገድ ሰፍታለች። የእማማ ዘሃራ ሱቅ ከነቤታቸው ለመንገዱ ፈርሶ እሳቸው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ አሁን ዳቦ የሚገዛው አራት ቤት አልፎ ነው፣ ወሬ ግን የሚገኝበት የለም። የግቢያችንን በር ግራጫ ቀብተነዋል። የሁሉም በር ግራጫ ስለሆነ ሁለት ጊዜ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። ቮልስህን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ልጃችን ማርታ እየመጣች ታስነሳታለች፤ ትነሳለች፣ ታኮርፋለች፣ ትነሳለች። የውሃ ታንከሩ ያው ያንጠባጥባል። ለስንት ሰፈር ውሃ ያስገባህ ሰውዬ የራስህን ታንከር ሳትሠራ መሄድህን ለቧንቧ ሠራተኛው ብነግረው ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። እሱ ሲያቆም እኔ ማቆም አቃተኝ፣ ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞረ። ሰውየው መፍቻውን ይዞ ግራ ገብቶት ቆመ። በነጋታው ያለ ጥሪ መጥቶ ታንከሩን አይቶ ሄደ፤ አሁንም ያንጠባጥባል።

ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። አዘጋጃችን «አንቺ የምታውቂውን፣ ፈገግ የሚያሰኘውን ጻፊልን» ይለኛል። እጽፋለሁ። ማን ከማን ጋር ታየ፣ ማን ምን ለበሰ፤ እጄ ለምዶታል። ወረቀቱን ከሰጠሁ በኋላ ግን ወደ ቤት መግባት እጠላለሁ። የሚያስፈራኝ ዝምታው አይደለም። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ሳል ነው። የመጨረሻዎቹ ወራት ሳልህ፤ ሥር የሌለው፣ የማያልቅ፣ ከደረትህ ሳይሆን ከአልጋው የሚወጣ የሚመስለው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬህ ኖሬ ጆሮዬ ያስቀረልኝ ያንን ነው። ስምህን ሳስብ ድምፅህ አይመጣልኝም፣ እሱ ይመጣል። ለዚህ ነው ያቺን የሃያ ዓመት ልጅ ሳል የምፈልጋት። ያንኛውን ታባርርልኝ እንደሆን ብዬ።

የማላገኛት ደግሞ በራሴ ጥፋት ነው። አሁን ወደ ትልቁ ኑዛዜዬ ልምጣ።

እናትህ ያረፉ ጊዜ የዕድራችን ሰዎች ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክለው ሳሎኑን ሊያራቁቱ ገቡ። ታውቀዋለህ፤ ሶፋው ይወጣል፣ ቡፌው ይወጣል፣ ፍራሽና አግዳሚ ይገባል። አንተ አስከሬኑ ጋር ነበርክ። የካሴት መደርደሪያህን ሁለት ጎረምሶች ከነሙሉነቱ አጋድመው አነሱትና አሥራ አንዱም ተዘረገፉ። የፕላስቲክ ቤታቸው እየተከፈተ ካሴቶቹ እንደ ባቄላ ተበተኑ። ለቀስተኛ በር ላይ ደርሷል፣ እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ መሬት ለመሬት ካሴት ስለቅም ማን ይየኝ! ካሴቱን ለብቻ፣ ቤቱን ለብቻ ማዳበሪያ ውስጥ ጠራርጌ አስገባሁና ከቡፌው ጋር እማማ ዘሃራ ጓዳ ተላከ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ዕቃው ሲመለስ አንተ ከመጨረሻዎቹ ለቀስተኞች ጋር ደጅ ተቀምጠህ ነበር። ሳታየኝ ቶሎ ብዬ እያንዳንዱን ወደ ቤቱ መለስኩ። የቱን ወደ የቱ? ቁጥሩን የጻፍከው ፕላስቲኩ ላይ ብቻ ነው፤ ካሴቱ ላይ ወረቀት ከለጠፉ ሙጫው በሙቀት ይቀልጥና ክሩን ይበላል የሚል ፍልስፍና ነበረህ። ካሴቶቹ መልካቸው አንድ ነው። እኔም እጄ እንዳመጣልኝ ከተትኳቸው። አሥር ካሴት ሆኑ፣ አንድ ቤት ባዶ ቀረ። ማዳበሪያውን አራገፍኩ፣ የለም። ባዶዋን ብታይ ምን ልልህ ነው? ድሮ ታዋቂ ሰዎችን ስጠይቅ የምቀዳበት ያው ዓይነት ካሴት መሳቢያዬ ውስጥ ነበረኝ፤ አንዱን አንስቼ ባዶው ቤት ውስጥ አስገባሁ። ሁሉም አንድ ነው፣ ማን ይለየዋል አልኩ። የሚለየው ሰው ደጅ ተቀምጦ ነበር።

ለእናትህ ዓመት ሙሉ ቴፕ አልከፈትክም። ልነግርህ ስል፣ ሐዘን ላይ ነው እያልኩ፤ ሲያልፍለት እነግረዋለሁ እያልኩ። ዓመቱ ወጥቶ ጥቁርህን ባወለቅክ በወሩ ሳንባህ ታመመ። ከዚያ በኋላ ማን ስለ ካሴት ያወራል?

አንተ አወራህ። ሆስፒታል ተኝተህ፣ ቃል ማውጣት ድካም በሆነብህ ጊዜ፣ በአንድ ከሰዓት እጄን ይዘህ «ሰባተኛዋን አምጪልኝ» አልከኝ። ታክሲ ይዤ በረርኩ። ሰባት ቁጥር የተጻፈበትን ቤት አንስቼ፣ ያቺን መገናኛ ወስጄ ያሠራኋትን የኪስ ቴፕ ይዤ ተመለስኩ። በመንገድ ላይ ከአሥሩ አንዷ ናት፣ እግዜር ይርዳኝ እያልኩ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮህ ላይ አደረግሁልህ። ማርታ እግርህ ሥር ነበረች፣ እህትህ እትዬ ዘውዴ መስኮቱ ጋ ዳዊት ይደግሙ ነበር።

ገና እንደ ጀመረ ሁለቱም ቅንድቦችህ ወደ ታች ወረዱ። ታዴ፣ አየሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳነብበው የኖርኩትን ቅንድብ አላየሁም ብል ድንጋይ ይፈርድብኛል። አይቼ፣ ሕመሙ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ዓይንህን ጨፍነህ ጠበቅክ። ዝምታው ሲቃረብ ጣትህን አነሳህ። ጣትህ በአየር ላይ ቆየች። ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ አንሶላው ላይ ወረደች።

«አልመጣሁም» አልክ።

እትዬ ዘውዴ አማተቡና ቅዠት ጀመረው አሉ። ማርታ «አባዬ፣ እዚሁ ነህ እኮ» ብላ እግርህን ታሻሽ ጀመር። እኔ ብቻ ነበርኩ የገባኝ፣ እኔም አፌን ያዝኩ። አንተ ዓይንህን ገልጠህ አየኸኝ። ለረጅም ጊዜ አየኸኝ። ከዚያ፣ እኔን ለማስታመም ጉልበት ከየት እንዳመጣህ እንጃ፣ «ይቺም ደህና ናት፣ ጥሩዬ» አልከኝ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሄድክ። የመጨረሻ ልመናህ አንድ ሳል ነበረች፤ ቤትህ ውስጥ አሥራ አንድ ቤት ሙሉ ካሴት እያለህ ያቺን የሚሰጥህ አጣህ።

የወራሽነት ወረቀት ለማውጣት ሰነዶችህን ሳገላብጥ ባለ ካሬዋን ደብተር አገኘሁ። የሥራ መስላኝ ልዘጋት ነበር። በየቁጥሩ ስንት ደቂቃ እንደሆነች፣ የት ላይ ወንበር እንደሚንቋቋ፣ የት ላይ ሸክላው እንደሚጫጫር ጽፈሃል። ከዚያ በታች ስሜ አለ። «ቁጥር 2። ጥሩ ትቸኩላለች አለች። ሦስት ጊዜ ደግሜ ሰማሁ። ልክ ናት።» «ቁጥር 5። አንደኛ አድርጌያት ነበር። ጥሩ እንቅልፍ ታመጣለች አለች። ስድስተኛ አደረግኋት።» እንቅልፍ ታመጣለች ያልኩት ተኝቼ ስለነበር ነው፣ የኔ ጌታ! ለየትኛዋ የትኛውን ደረጃ እንደሰጠህ ሳይ በሙሉ የእኔ ፍርድ ነው። የራስህን ቅንድብ በእኔ አፍ እየሰማህ፣ እኔን ስታከብር ኖረሃል።

ሰባተኛዋ ላይ እንዲህ ይላል። «ለፍርድ አትቀርብም። እኔ አለሁባት። ጥሩ ግን ትስማት።»

በዚያው ሳምንት ቴፑን ከፈትኩ። ዓመትህ ሳይወጣ። የሰፈሩን ወሬ መገመት አያቅትህም፤ ሰው ሳማ የኖርኩ ሴትዮ በተራዬ ታማሁ። ባሏ አፈሩ ሳይደርቅ ሙዚቃ ከፈተች ተባለ፣ አንዷማ ሰው ይዛለች ወይ ብላ ለማርታ ደውላላታለች። እትዬ ዘውዴ ሰምተው ሊቆጡኝ መጡ። ግቢ ውስጥ ቆመው በመስኮቱ ሲሰሙ ቆዩና ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። «ይሄማ ምኑ ሙዚቃ ነው፤ ልቅሶ ነው እንጂ። ክፈቺው» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። ሲያልቅ «ወንድሜ ይህንን ነበር ሲሰማ የኖረው?» ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም አዎ አልኩ፣ ሁለታችንም እንደማናውቅህ ሆነን ተያየን።

በየከሰዓቱ አንድ አንድ አዳመጥኩ። ደብተሩ ጭኔ ላይ፣ ሰዓቱ ፊቴ። በሙዚቃው አይደለም የለየኋቸው፣ በኮተታቸው ነው፤ ይቺ ወንበሯ ተንቋቋ፣ ይቺ መጨረሻዋ ላይ ፈረንጅ ሁለት ቃል ተናግሮ ተቆረጠ። ሆስፒታል ይዤልህ የመጣሁት ቁጥር ሁለት ኖሯል። ትቸኩላለች ያልኳት። አሥረኛው ቤት ውስጥ ከዓመታት በፊት አንዲት ዘፋኝ ስለ ሁለተኛ ሠርጓ ስጠይቃት የምስቀው ሳቅ ተገኘ፤ እንዴት ያለ ግድ የለሽ ሳቅ ነው! አሥሩን ጨረስኩ። አሥሩም ዝምታቸው ባዶ ነው። አሥር ጊዜ ጣቴን አንስቼ አሥር ጊዜ አወረድኩ።

ማርታ አሳዝኛት ስልኳን ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ኢንተርኔት ላይ ሃያ ዓይነት አለ። የትኛውን ላውርድልሽ?» አለችኝ። አባትሽ ያለበትን አልኳት። የስልኩን መፈለጊያ ከፈተች። ከዚያ «የአባዬ ሳል ብዬ ነው የምፈልገው?» ብላ አለቀሰች። እኔ ነኝ ያባበልኳት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የባሰውን ልንገርህ። ስምንተኛዋን በምሰማበት ቀን፣ ደብተሩንም ሰዓቱንም ሳላይ፣ ይቺስ ትተነፍሳለች አልኩ። በአፌ። የሁለተኛዋ ሙዚቃ መሪ ዝምታውን ፈርቶ ይሮጥበታል፣ የዚችኛዋ ግን በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ይገባበታል። ሰማሁት! ልዩነት አለው ታዴ፣ ለካስ ሰማይና ምድር ነው። «የቱ ይሻላል» ብለህ ብትጠይቀኝ መልስ አለኝ። ዞር ስል ወንበርህ ባዶ ነው። ጆሮዬ የተከፈተው ጠያቂው ከሄደ በኋላ ነው፤ ከዚህ የከፋ ቀልድ በዓምዴ ላይ ጽፌ አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ የካ አባዶ ሄድኩ። እማማ ዘሃራ አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃው ጉልበታቸውን ጨርሶታል፣ ምላሳቸውን አልነካውም። ገና ካሴት የሚለው ቃል ከአፌ ሳይወጣ ፊታቸው ተለወጠ። ካሴትሽን አግኝቻት ነበር አሉኝ። ማዳበሪያው ከተመለሰልኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከዱቄት በርሜላቸው ጀርባ ወድቃ። ሊያመጡልኝ ሲነሱ፣ ታደለ ሐዘን ላይ ነው፣ ሐዘን ቤት ዘፈን ይዤ አልገባም ብለው አቆዩት። ሐዘኑ ሲወጣ፣ ታደለ ታሟል ተባሉ። «የታመመ ሰው ቤት ሙዚቃ ይዤ ብገባ ምን ይሉኛል? ብርቱካን ይዤ መጣሁ» አሉኝ። አስታወስኩ። መጥተው ነበር እኮ። አልጋህ አጠገብ ተቀምጠው ብርቱካን ልጠውልሃል። ካሴቷ በዚያን ሰዓት መንገድ ተሻግሮ፣ ሱቃቸው ውስጥ ነበረች።

እኔ ብነግርህ ኖሮ ትጠይቃቸው ነበር። እሳቸው ባያፍሩ ኖሮ ይሰጡህ ነበር። እኔ ሐዘንህን ላለመንካት፣ እሳቸው ወጉን ላለማፍረስ ብለን፣ ሁለት ጨዋ ሴቶች ተባብረን ያቺን ሳል ነፈግንህ። ይህን ስነግራቸው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «አላህ ይቅር ይበለን» አሉ።

ካሴቷ የሟች ባላቸው ወረቀቶች ባሉበት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ናት፤ ሳጥኑ ቤታቸው ሲፈርስ ኮተቤ ልጃቸው ዘንድ ተወስዷል። ልጅቱ ለዘመድ ሠርግ ጅማ ሄዳ ቅዳሜ ትመለሳለች። ተስፋ እንዳላደርግ ደግሞ እማማ ዘሃራ ራሳቸው አስጠነቀቁኝ፤ ዕቃው የተጫነ ቀን ዝናብ ነበር፣ ሳጥኑ ክፍት መኪና ላይ ውሎ ግማሹ ወረቀት እርስ በርሱ ተጣብቋል። የካሴት ክር ውሃ ከጠጣ ምን እንደሚሆን አንተ ነበርክ የምታውቀው። መገናኛ ያለውን ጠጋኝ ብጠይቀው «እንደ ዕድሉ ነው» አለኝ። ፊቱ ግን ዕድል አላሳየኝም።

ባገኛትስ? እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ብትሠራስ? የጠየቃት አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም። ለአንተ ያልደረሰች ነገር ለእኔ ብትደርስ ምኔን ትጠግነዋለች? አንዳንድ ቀን ሳጥኑ ውስጥ ብስብስ ብላ ብትጠብቀኝ ይሻላል እላለሁ፤ ቢያንስ አንተ ያጣኸውን አገኘች አልባልም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ የአልጋው ሳል ጆሮዬን ሲይዘኝ፣ ለአንዲት ሰከንድ፣ ለአንዲት ብቻ ብዬ እለምናለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማርታ ቮልሷን ትነዳለች። እማማ ዘሃራን ከየካ አባዶ ይዘን ኮተቤ እንሄዳለን፤ እሳቸውም እኔ በእጄ ካልሰጠሁ ብለዋል። ክሯ የምትዞር ከሆነች ቤት አልከፍታትም። እንጦጦ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ አንተ ቮልሷን አቁመህ መስኮት ዘግተህ፣ ካሴት ከፍተህ «ከነፋሱ ለይተሽ ስሚው» ትለኝ የነበረበት ቦታ እንወጣለን። እዚያ ስንት ጊዜ በውሸት ፈርጄልሃለሁ! ዝምታው ሲቃረብ ጣቴን አነሳለሁ።

ምን እንደሰማሁ ሰኞ ሚካኤል መቃብርህ ላይ መጥቼ እነግርሃለሁ፤ አንባቢዎቼም ከአንተ ቀጥለው ይሰማሉ። ከመጣህ መጥተሃል እልሃለሁ። ክሩ የሚጮኽ ከሆነ ይጮኻል እልሃለሁ፣ ባዶ ከሆነም ባዶ ነው። አንዱንም አላሳምርልህም። አልረሳህም ብሎ መማል ቀላል ነው ታዴዬ፣ ማን ይረሳሃል? እኔ የምምልልህ ሌላ ነው። ከእንግዲህ የማየው ቅንድብ ስለሌለ፣ የሰማሁትን ብቻ እነግርሃለሁ።

ያንተው ጥሩ